«ሞተር ወረደ» እና «ሞተር ተቃኘ»

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ ቮልስ ለሚያድሱ ልጆች የሥራ መመሪያ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ሞተር ወረደ» ይላሉ። «ተፈታ» አይሻልም? ለመጨረሻው ማስተካከያስ «ሞተር መቃኘት» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ «ወረደ»ን አይንኩት። መውረድ ሞተሩ ከመኪናው መለየቱ ነው፤ መፈታት ከዚያ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣ ሥራ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ሲላቀቁ ክሪክ ላይ ሆኖ በእርግጥም ቁልቁል ይወርዳል። የላንድሮቨር ግን በሰንሰለት ተስቦ ሽቅብ ይወጣል፤ መካኒኩ ያኔም «ወረደ» ነው የሚለው። አልተሳሳተም። ኮንቴይነርም በክሬን ተነሥቶ ነው ከመኪና «የሚወርደው»።

«መቃኘት» ለርዕስ ያምራል፤ ለመመሪያ ግን አይበቃም። ክራር የሚቃኝ ሰው በጆሮው ይዳኛል፤ እዚህ ዳኛው መለኪያ ስለሆነ ለየሥራው የራሱን ግስ ይስጡ። የቫልቭ ክፍተት «ይለካል»፦ በብዙዎቹ 1300 እና 1600 ቮልሶች 0.15 ሚሊሜትር፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ። «ቀዝቃዛ» የምትለዋን ቃል ከዘለሉ ልኩ ዋጋ የለውም። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ መቀመጫው ላይ ደህና አድርጎ አያርፍም፤ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በዚያ በኩል ነውና ይቃጠላል። የዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያድለው ክፍል) መነካኪያ 0.4 ሚሊሜትር «ይከፈታል»፤ ከዚያ በኋላ ዲስትሪቢዩተሩ ዞሮ የእሳቱ ጊዜ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት) «ይያዛል»። ሁለቱን በ«እና» አያገናኟቸው፤ «ከዚያ በኋላ» ይበሉ። መነካኪያው በተነካ ቁጥር የእሳቱም ጊዜ ይዛባል፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ልጅ ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ «ይስተካከላል»። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ሚኒሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ብልጭታ ሰጪ» እያሉ አይተኳቸው፤ ልጁ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው ካንዴላ ነው።

ሌላው፦ ሞተሩን የሚያወርደው መካኒኩ ነው፤ ባለመኪናው «ያስወርዳል»። ባለመኪናዋ ሴት ከሆነች «ሞተሩን» የሚለውን ተሳቢ በፍጹም አይጣሉ። «ባለፈው ሳምንት አስወረደች» ብቻ ብለው ከጻፉ የመኪና ነገር ለአንባቢው ትዝም አይለው።