የቆየ ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን እድሳት፦ ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የቆዩ ሞተር ሳይክሎችን በማደስ ላይ ካሉ ሰዎች የቀረቡ ናቸው። አብዛኞቹ የዲስክ ፍሬንን ይመለከታሉ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 በብዛት በሚመረት ሞተር ሳይክል ላይ ካስተዋወቀው ወዲህ የተለመደውን ዓይነት ነው። የታምቡር ፍሬን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር። ፍሬኑ ይይዛል፤ እጀታውን ስለቀው ግን የፊት ጎማው እንደልብ አይሽከረከርም። ፓዱን ብቀይር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ብዙዎች ፓዱን ወደ ዲስኩ የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ የሚመልስ ሞላ ያለ ይመስላቸዋል፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ግን ካሊፐሩ (ዲስኩን አቅፎ ፓዶቹንና ፒስተኑን የያዘው አካል) ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት፣ ነው። ፒስተኑ ሲገፋ ጎሚኒው አብሮት ይለመጥና፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በጣም ትንሽ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች፣ ይስበዋል። እርስዎ ዘንድ ይህ መመለስ ቀርቷል፣ ወይም ዘይቱ መመለሻ አጥቷል።

የትኛው እንደሆነ ምንም ሳይፈቱ መለየት ይቻላል። ፍሬኑ እንደያዘ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ያላሉት። ዘይት ፈንጠቅ ብሎ ጎማው ነፃ ከሆነ ካሊፐሩ ደህና ነው፤ ግፊቱ የታፈነው ከእሱ በላይ ነው። ጎማው እንደታሰረ ከቀረ ፒስተኑ ተጣብቋል። በመጀመሪያው ሁኔታ፣ ፍሬኑን እንደገና አስይዘው በዚህ ጊዜ ቱቦው ከማስተሩ (እጀታው ሥር ካለው የዘይት መግፊያ) ጋር የሚገናኝበትን ቡሎን ያላሉ፤ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ የማስተሩ ነው፣ ካልተለቀቀ ደግሞ የቱቦው። ያረጀ የጎማ ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ሊያብጥ ይችላል፤ በእጅ ኃይል የተገፋውን ዘይት ያሳልፋል፣ በራሱ የሚመለሰውን ግን ያግዳል። ማስተሩ ውስጥ ደግሞ ከዘይት ማጠራቀሚያው ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንደኛው በግልጽ ይታያል፣ ሁለተኛው ግን ቀጭን የሽቦ ክር ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ ብዙ ሰው መኖሩንም ሳያውቅ ማስተሩን መልሶ ይገጥመዋል። የሚደፈነው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፒስተኑ አልወጣ ብሎኛል። በፒንሳ ይዤ ልጎትተው?

መልስ፦ ጎኑን በፒንሳ አይንኩት፤ የሚተወው ጭረት አዲሱን ጎሚኒ ይበላዋል። ቱቦውን ሳይፈቱ ካሊፐሩን ከዲስኩ ላይ አንስተው፣ ፓዶቹን አውጥተው፣ ማስተሩ ዘይት እንዳይጎድለው እየሞሉ እጀታውን ደጋግመው ይጫኑት፤ ፍሬኑ ራሱ ይገፋዋል። ይህ ካልሠራ የግራሶ ፓምፕ በሚስማማ ማገናኛ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ያያይዙ። የታመቀ አየር ፈጣን ቢሆንም ፒስተኑን እንደ ጥይት ስለሚያስፈነጥረው እኔ አልመክረውም፤ ከተጠቀሙበትም ከፊቱ እንጨት ይደገፍ እንጂ ጣት አይቅረብ።

ጥያቄ፦ አዲስ ጎሚኒ ገጠምኩ፤ ፒስተኑ ግን ከበፊቱም ይልቅ ጠበቀ። ጎሚኒው ልኩ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ልኩ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ያለው ጎሚኒው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ነው። የአሉሚኒየም ዝገት ነጭና ጠንካራ ሲሆን፣ በቦዩ ወለልና በሁለቱ ማዕዘኖች ላይ እየተጋገረ ጎሚኒውን ወደ ፒስተኑ ይገፋዋል። በጨርቅ ስለማይለቅ፣ የጥርስ ሐኪም መፋቂያን የመሰለ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን መሣሪያ ይዘው፣ በደማቅ ብርሃን፣ የቦዩን ጠርዝ ሳይጭሩ ዙሪያውን በትዕግሥት ይፋቁት። አልቋል ብለው ባሰቡበት ጊዜ መፋቂያውን በማዕዘኑ በኩል ቀስ ብለው ያስሂዱት፤ የሚሻክር ድምፅ ከሰጠ ገና ነው። መታጠቢያው ንጹሕ አልኮል ይሁን፤ ቤንዚን፣ ናፍታና የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጣሉ። ከዚያ ጎሚኒውንና ፒስተኑን በአዲስ የፍሬን ዘይት አርሰው ሲገጥሙ ፒስተኑ በአውራ ጣት ግፊት መግባት አለበት። ጎሚኒው በሚነካው የፒስተኑ ክፍል ላይ የዝገት ጉድጓድ ካለ ፒስተኑ ይቀየር።

ጥያቄ፦ የትኛውን የፍሬን ዘይት ልጠቀም?

መልስ፦ በማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈውን። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ዶት 3 በሚሉት ላይ ዶት 4 መጠቀም ይቻላል። ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ዝቅተኛ የመፍያ ልክ ወደ 155 ይወርዳል፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚቀየረውም ለዚህ ነው። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን በቁጥር ቢመስለውም የእነ ዶት 4 ወገን ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ይታጠብ።

ጥያቄ፦ አየሩን ደጋግሜ አስወጣሁ፤ እጀታው አሁንም ይለሰልሳል።

መልስ፦ አየር ወደ ላይ መሄድ ይወዳል፤ እርስዎ ግን ወደ ታች እየገፉት ነው። በሲሪንጅ ዘይቱን ከካሊፐሩ ወደ ማስተሩ ከታች ወደ ላይ ይግፉት፤ ማጠራቀሚያው እንዳይሞላና እንዳይፈስ ይከታተሉ። ከዚያ እጀታውን ከመሪው ጋር አስረው ያሳድሩት። ሲቢ 750 ከሆነ ደግሞ ካሊፐሩን የተሸከመው ክንድ በማጠፊያው ላይ እንደልብ መንቀሳቀሱን ይዩ፤ ከደረቀ ዲስኩን ይለምጠዋል፣ እጀታውም አየር ያለበት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ከ14 ሚሊ ሜትር ወደ 16 ሚሊ ሜትር ማስተር ባሳድግ ፍሬኑ ይበረታል?

መልስ፦ እጀታው ይጠነክራል፣ ፍሬኑ ግን ይደክማል። በተመሳሳይ የእጅ ኃይል የሚፈጠረው ግፊት በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ያው ኃይል በሰፋ ስፋት ላይ ተበትኗልና። ትልቁ የሚጠቅመው ሁለተኛ ካሊፐር ሲጨመር ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ባለ ሁለት ካም ታምቡር ነው። አዲስ ሸራ ብገጥምለትም አይዝም።

መልስ፦ አንደኛው ሸራ ብቻውን እየሠራ ይሆናል። ሁለቱን ካሞች (ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ የሚገፉትን) የሚያገናኘውን ዘንግ በአንድ በኩል ይፍቱና እያንዳንዱን ካም ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ድረስ በእጅ ያዙሩ፤ የዘንጉንም ርዝመት ፒኑ ሳይገፋ በራሱ እስኪገባ ድረስ ያስተካክሉ። ከዚያ የጎማውን አክስል ዳዶ አላልተው፣ ጎማውን አሽከርክረው፣ ፍሬኑን አጥብቀው እንደያዙ ዳዶውን ይሰሩት፤ ሸራዎቹ መሐላቸውን ያገኛሉ። አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን በአየር አይንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረው ያስወግዱት።