የጥቅምት ነፋስ በጦሳ አፋፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የፓራግላይዲንግ (በጨርቅ ክንፍ ከተራራ ተነስቶ የመብረር) ሥልጠናዬን ከጨረስኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። በጥቅምት ከጦሳ ተራራ፣ ደሴን ከሚያየው ፊቱ፣ ልነሳ አስቤያለሁ። ጠዋት አየሩ ለስላሳ ነው፤ ወደ ቀትር ግን አንዴ ሽው ይላል፣ አንዴ ዝም ይላል። መነሻዬን በምን ልወስን? (ከደሴ)

መልስ፦ አስቀድሞ ፈቃድ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ስለሆነ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቀድ ክንፍ አይዘረጋም።

ክረምት ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ ስትወጣ ምሥራቅን የሚያይ ተዳፋት ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። 3 ሰዓት ላይ ይህ ለስላሳ ነው። መሬቱ እየጋለ ሲሄድ ግን ሙቀቱ በየተራ እየተነቀለ ይወጣል። እርስዎ «ዝም» ያሉት አንዱ ሄዶ ሌላው እስኪተካ ያለው ክፍተት ነውና በዝምታው ተታለው አይሩጡ። የነፋስ መለኪያ ይዘው 10 ደቂቃ ይቁሙ። ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ ወይም በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ፣ ለጀማሪ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሰጋው ከተራራው ጀርባ የሚመጣ ነፋስ ነው። አንድ ጥብጣብ መነሻው ላይ፣ ሌላ 50 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ይሰሩ። ጥብጣቦቹ ወደ እርስዎ እየነፉ የደመናው ጥላ ግን ከኋላዎ ወደ ከተማው የሚሄድ ከሆነ፣ በአናትዎ ላይ የምዕራብ ነፋስ እያለፈ ነው፤ ፊትዎን የሚነካው የተዳፋቱ ሙቀት የሳበው አየር ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አየሩ ይሽከረከራል፣ ክንፍም ይታጠፋል። የላይኛው ጥብጣብ ድንገት ረግቦ ከወደቀ በኋላ ወደ ሸለቆው ከተገለበጠ ያን ቀን አይበረርም። ደመናውም ቁመቱ ከስፋቱ ከበለጠ እንዲሁ።

ከፍታውንም ያስቡ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ክንፍ ከባሕር ጠለል በ13 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል፤ በሰዓት 37 የነበረው ወደ 42 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ሲነሱ ክንፉ እስኪያነሳዎ ሩጫዎን አያቋርጡ። ሲያርፉ ደግሞ መሬቱ ሲሮጥብዎ ቀድሞ ፍሬን (ክንፉን የሚያዘገዩትን የእጅ ገመዶች) መሳብ ያምርዎታል፤ ከፍ ብለው ከሳቡት ክንፉ አየር አጥቶ ይጥልዎታል። እግርዎ አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው ይሳቡ። ማረፊያውን በእግር ሄደው ይዩት፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት፣ ባለቤቱም የፈቀደ ይሁን። በጥቅምት ጤፉ ገና አልታጨደም፤ የሰው ሰብል ላይ አይወረድም።

ጥያቄ፦ ክንፉን ጠዋት ሣር ላይ ስዘረጋ በጤዛ ይርሳል። ችግር አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው። እርጥብ ክንፍ ወደፊት መሄዱን ትቶ እንደ ጃንጥላ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል፤ ፊትዎ ላይ የሚነፋው አየር ሲጠፋ ያውቁታል። ያኔ ሁለቱንም ፍሬን ሙሉ በሙሉ ለቀው የፍጥነት መርገጫውን በእግር ይግፉ። የክንፉን ጫፎች አጥፎ ቶሎ ለመውረድ መሞከር ችግሩን ያባብሰዋል። ጤዛው እስኪረግፍ መጠበቅ ይሻላል። ማታ ደግሞ በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ጨርቁን ትበላዋለች።