የአባቴን ገዳይ ወንድሜ ቢገድለው ፍርድ ቤት ያቀልለታል?

ጥያቄ፦ አባታችንን የገደለው ሰው እስራቱን ጨርሶ ወደ ቀበሌያችን ተመልሷል። አጎቶቼ ታናሽ ወንድሜን «የአባትህን ደም ሳትመልስ ወንድ ነኝ ትላለህ?» እያሉ ይወተውቱታል። ሽማግሌዎች ደግሞ ደም እናድርቅ ብለው መጥተዋል። ወንድሜ ቢገድለው ዳኛው ቁጭቱን አይቶ ያቀልለታል? የሽማግሌዎቹስ እርቅ በሕግ ፊት ዋጋ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

አያቀልለትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 541 ቅጣቱን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት የሚያወርደው ድንገት በከባድ ሁኔታ ተነሳስቶ፣ ስሜቱ ገንፍሎ ለገደለ ሰው ነው። ዓመታት ጠብቆ፣ መሣሪያ አዘጋጅቶ የሚገድል ግን ወደ አንቀጽ 539፣ ማለትም ከባድ ግድያ፣ ሊገባ ይችላል። እዚያ ያለው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ተራ ግድያ ቢባልለት እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

የአጎቶችዎ አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር። ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ያኔም ቢሆን ግን መጀመሪያ ዳኛ ይፈርድ ነበር። ዛሬ ያ ምርጫ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቷል። ቤተሰብ ማረም አልማረም ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ የሚቀጣውም መንግሥት ነው። ያ ሰው ቅጣቱን ተቀብሏል። ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 23) በዚያው ወንጀል ዳግም አያስቀጣውም። እኔ ይህን ለውጥ ከልቤ እደግፋለሁ፤ ደም በደም ሲመለስ የሚቀጥለው ተረኛ የወንድምዎ ልጅ ነው።

ለአጎቶችዎም ይንገሩልኝ። ሰውን አግባብቶ ወይም አስፈራርቶ ወንጀል ማሠራት ራሱ ወንጀል ነው (የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 36)። ወንድምዎ ሞክሮ ባይሳካለት እንኳ እነሱም ይጠየቃሉ።

እርቁን ተቀበሉ። ክስ የማስቀረት ኃይል የለውም፤ እናንተ ጋ ግን ፍርዱ አልቋል፣ የሚያስቀረው የሚመጣውን ግድያ ነው። የካሳው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች ይፈርሙበት። በአንዳንድ አካባቢ ደም ሲደርቅ ልጃገረድ ትዳራለች፤ ያለ ፈቃዷ ወይም ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሕገ ወጥ ነው፣ እንዳትስማሙ። እስከዚያው ወንድምዎን ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ ይላኩት። መሣሪያ መፈለግ ከጀመረ ዛሬውኑ ለፖሊስ ያመልክቱ።