ቻይና ጓንጁ ከተማ 6 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ስለ ቻይናዎች የምግብ ህክምና ጠይቁኝ

ዶክተር አይደለሁም፣ ለትምህርት ሄጄ ከሰፈር ሴትዮዎች የለቀምኩትንና በኋላ ራሴ ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ «ቀዝቃዛ ምግብ» ሲሉ ከፍሪጅ የወጣ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ሆድ ከገባ በኋላ የሚሰራውን ነው የሚያዩት። ሃብሃብ ፀሐይ ላይ ቢውልም ቀዝቃዛ ነው፣ ዝንጅብል በረዶ ቢሆንም ሞቃት፣ ሩዝ ደግሞ ወደየትም አያደላም። ሸርጣን በጣም ቀዝቃዛ ስለሚባል ዝንጅብል የተከተፈበት ኮምጣጤ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሞቀ የሩዝ ወይን ይጨምሩበታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሞቃቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለማን? መቼ? ሊቺ የሚባለው ሞቃት ፍራፍሬ የደረሰ ሰሞን አንድ ኪሎ ብቻዬን ጨረስኩና በነጋታው አፌ ቆሳስሎ ተነሳሁ፣ ጎረቤቴ የነበሩት አሮጊት ምላስሽን አውጪ አሉኝ፣ አዩና «ሻንግ ኽዎ» አሉ፣ እሳት ወጥቶብሻል እንደማለት ነው፣ ከዛ እጄን ይዘው ሊያንግ ቻ የሚባለው የቅጠል ሻይ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰዱኝ። ጥቁር ነው፣ ምሬቱ ኮሶ ያስንቃል። በሦስተኛው ቀን ዳንኩ፣ ባልጠጣውም እድን ነበር መሰለኝ ግን እሳቸው ፊት ማን ይናገራል። እኚሁ ሴትዮ ሲበርድ የበግ ሾርባ በዝንጅብል፣ ሲሞቅ የማሾ ሾርባ ነው የሚሰሩት።

ጥያቄ፦ አምስቱ ጣዕሞችስ?

መልስ፦ ጎምዛዛ ለጉበት፣ መራራ ለልብ፣ ጣፋጭ ለጣፊያ፣ የሚያቃጥል ለሳንባ፣ ጨዋማ ለኩላሊት። እነዚህ ስሞች ግን ሆስፒታል ከምናውቃቸው አካላት ጋር ልክ አይገጥሙም፣ ለኔ ይሄኛው ክፍል ብዙም አይጥመኝም።

ጥያቄ፦ አዲስ ፋሽን ነው ወይስ የድሮ?

መልስ፦ የድሮ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ሱን ሲሚያዎ መጀመሪያ በምግብ ሞክሩ፣ እሱ እምቢ ሲል ነው መድኃኒት ይል ነበር።

ጥያቄ፦ አራስ ምን ይሰጧታል?

መልስ፦ «ወር መቀመጥ» ይሉታል። ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም፣ ዶሮ በዝንጅብል፣ ለወተት ደግሞ የአሳማ እግር ሾርባ። አጥሚትና ገንፎ ይዛችሁ አራስ የጠየቃችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን ትታ ትሞክረው?

መልስ፦ በፍጹም!! የእኔ እህት፣ መድኃኒቱን እንዳታስቆሚያት። «ምግብ ነው ምን ይጎዳል» የሚባለውም አይሰራም፣ ሾርባ ውስጥ የሚገባው ዳንግ ጉዊ የሚባል ስር ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ስር ሲበዛ ደግሞ የደም ግፊት ይጨምራል። ሐኪሟን ሳታማክሩ ምንም አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ቤት የሚሰራ ቀላል ነገር ንገሪን።

መልስ፦ ለደረቅ ሳል ፒር ጫፉን ቆርጣችሁ የመሃሉን ዘር አውጡና ጉድጓዱ ውስጥ ስኳር ጨምራችሁ ክዳኑን መልሱት፣ ከዛ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጋችሁ እስኪለሰልስ በእንፋሎት አብስሉት። ስር የሚጠራቀመውን ጭማቂ እንዳትደፉት፣ ልጆች የሚጣሉበት እሱ ላይ ነው።