ጥያቄና መልስ፦ የወረዳችን አፈርና የእግር ዝሆኔ ካርታ

ጥያቄ፦ የምሠራው በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። አገር አቀፉ የእግር ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) ካርታ ወረዳችንን በሙሉ ለበሽታው ምቹ አድርጎ ያሳያል። ሕሙማን የምናገኘው ግን በጥቂት ቀበሌዎች ነው። ካርታው ተሳስቷል? በቀበሌ ደረጃ የራሳችንን መሥራትስ እንችላለን?
(ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ አልተሳሳተም። ካርታው የሚናገረው ስለ መሬቱ ነው። ይህ ዝሆኔ በትንኝም በትልም አይመጣም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው ለዓመታት የሊምፍ ቱቦዎችን (ከሰውነት ፈሳሽ የሚያስወግዱትን) ስለሚጎዱ በዘር ተጋላጭ የሆነው ሰው እግሩ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች 129,959 ሰዎች ታይተው ከመቶ አዋቂ 4ቱ ታመው ተገኙ። ከዚያ መረጃ የተሠራው ሞዴል በሽታው የሚበዛው ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት እንደሆነ አሳየ፤ በእንዲህ ዓይነት ምድር 34.9 ሚሊዮን ሰው ይኖር እንደነበርም ገመተ። ማን ጫማ እንደሚያደርግ ሞዴሉ አያውቅም። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ቦታ በአንድ ቁጥር ሲወከል የዓባይን ሸለቆ አፋፍና ቆላውን በአንድ አማካይ ያጠቃልላል።

የራሳችሁን ለመሥራት የከፍታ፣ የዝናብ፣ የሙቀትና የአፈር ንብርብሮችን በነፃ አውርዳችሁ በኪውጂአይኤስ (በነፃ የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ደርቡ። ይህ የት ሄዳችሁ እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል፤ ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሂዱ። ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው። የሕመምተኛው የጂፒኤስ ነጥብ በጤና ኬላው በር ላይ ከተመዘገበ ሕሙማን ሁሉ አንድ ቦታ ይከመራሉ፤ የሚመዘገበው ቤታቸው ነው። እብጠቱ በዓመታት ስለሚመጣ በሠፈራ የመጣ ሰው ቀድሞ የት ይኖር እንደነበር ጠይቁ፤ አለበለዚያ የሌላ አገር አፈር በእናንተ ቀበሌ ይቆጠራል። ሕመምተኛ ያልተገኘባቸውን ጎጦችም መዝግቡ፤ ያለ እነርሱ የሚነጻጸር ነገር የለም። የቆየው የወሰን ፋይል በአዲንዳን (በቀድሞው የካርታ መነሻ ሥርዓት)፣ ጂፒኤሱ ደግሞ በደብልዩጂኤስ 84 (በዓለም አቀፉ ሥርዓት) ከሆነ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ስለሚሸሽ የድንበር ቤት ወደ ጎረቤት ቀበሌ ይገባል።

ከሁሉ በላይ በትንኝ የሚተላለፈውን ዝሆኔ ለዩ። የአፈሩ ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይም እምብዛም አያልፍም። ብልት ካበጠ ወይም እብጠቱ ከላይ ከጀመረ በደም ጠብታ የሚሠራውን የፊላሪያ (በትንኝ የሚተላለፈው ትል) ፈጣን ምርመራ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ለትውልድ ቀበሌያችን ጫማ ለመላክ ገንዘብ አሰባስበናል። ሕመምተኛ ላልተገኘባቸው ጎጦች ይቅር?
(ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ አይቅር። አፈሩ ተመሳሳይ ከሆነ ከሕፃናቱ ጀምሩ፤ እግራቸው ገና አልተጎዳም። ክፍት ሰንደል አቧራና ጭቃ ስለሚያስገባ ሽፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ይሁን። ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ ገንዘቡን በአንድ ዓመት አትጨርሱት። የታመሙት እግር ግን ተራ ጫማ ውስጥ አይገባም፦ በአገር ውስጥ ጫማ ሠሪ የሁለቱም እግር ርዝመትና ሰፊው ቦታ ለየብቻ ተለክቶ ይሠራላቸው፤ ለዕለታዊ እጥበት ሳሙና፣ ለቆዳው ቫዝሊንና ፋሻም ይጨመርበት።