«ለኤአር-10 የሚሆን» የሚለው አይሸውድህ

ዳላስ አካባቢ የሚኖር ወንድም እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ የ308 (የጥይቱ ልክ ነው) ጠመንጃ ገዛሁ። አነስ ብሎ ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የአባቱን እርሻ የሚያወድሙ የዱር አሳማዎችን እናድንበታለን። ባለፈው ወር የኤክስትራክተሩ (የተተኮሰውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣው ዕቃ) ጥፍር ተሸረፈ። 'ለኤአር-10 የሚሆን' የሚል ሦስት ጊዜ አዘዝኩ፤ ሦስቱም አልገባም አሉ። ፋብሪካው ሞዴሉን መሥራት አቁሟል። አንዱን በሞረድ አስተካክዬ ላስገባው? ወይስ ጠመንጃውን ልሽጠው?»

ሞረዱን አስቀምጠው፤ እመለስበታለሁ። አሳማውን ትበላዋለህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም፤ እሱ የአንተና የነፍስ አባትህ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ሦስቱም ለምን እንዳልገቡ ልንገርህ። ኤአር-15 ዕድለኛ ጠመንጃ ነው። የአሜሪካ ጦር ኤም-16 ብሎ ስለወሰደው የእያንዳንዱ ዕቃ ልክ በንድፍ ሰፍሮ ተቀመጠ። ቦልቱን (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ክፍል) ከአንድ ፋብሪካ፣ በርሜሉን ከሌላ ብትገዛ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ሶማሌ ተራ ገብቶ የኮሮላ ዕቃ እንደመፈለግ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ኤአር-10 ይህ ዕድል አልደረሰውም። ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርማላይት በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሠራው፤ ጦሩ ግን ኤም-14ን መረጠ። ኤአር-10 ሆላንድ ውስጥ ተመርቶ ለፖርቱጋልና ለጎረቤታችን ለሱዳን ተሸጠ። በ1990ዎቹ እንደገና ሲነሳ የሚያስገድድ ልክ ስላልነበረ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ሄደ። ዛሬ «ኤአር-10» ስትል የቤተሰብ ስም ጠራህ እንጂ ልክ አልተናገርክም።

ሁለቱን ትልልቅ ቤተሰቦች በዓይን መለየት ትችላለህ። የላይኛውና የታችኛው አካል ከኋላ የሚጋጠሙበትን ቦታ እይ። ቀጥ ብሎ በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ የአርማላይት ወገን ነው። ክብ ብሎ ከታጠፈ ዲፒኤምኤስ የተባለው ፋብሪካ የሠራው የኤልአር-308 ወገን ነው። በርሜሉን የሚያስረው ብሎን እንኳ ይለያያል፦ የአርማላይቱ በኢንች 18 ጥርስ አለው፣ የዲፒኤምኤሱ 16። በግድ ካጠበቅከው ጥርሱን ትበላዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ወጪው የኤክስትራክተር አይደለም።

ያንተው ግን ከሁለቱም አይደለም። አነስ ያሉት የ308 ጠመንጃዎች ክብደት ለመቀነስ ሲባል ቦልታቸውም፣ ቦልቱን የሚሸከመው ክፍልም ተለይቶ የተሠራ ነው። የታወቀው ምሳሌ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዲፒኤምኤስ ጂቱ ነው። እጅ ላይ ቀላል፣ ደስ የሚል ጠመንጃ ነበር። በኤክስትራክተሩ ላይ እንደተለመደው ሞላ ሳይሆን ጎማ መሰል ነገር ተጠቀሙ። የኤልአር-308 ቦልት አይገባበትም። በ2020 የዲፒኤምኤስ ባለቤት የነበረው ሬሚንግተን ከሠረ፣ ብራንዱም ለሌላ ተሸጠ። የጂቱ ባለቤቶች ዕቃ ፍለጋ የገቡት ያኔ ነው።

ደግነቱ ሁሉም ነገር የብቻው አይደለም። እጀታ፣ ሴፍቲና ምላጭ ብዙውን ጊዜ ከኤአር-15 ይገባሉ። ካዝናውም የኤስአር-25 (ሌላ የ308 ጠመንጃ ነው) ዓይነት ከሆነ የትም ታገኘዋለህ። የሚያስጨንቀው ቦልቱ፣ ኤክስትራክተሩ፣ ኢጀክተሩ (ቀለሁን ወደ ውጭ የሚወረውረው)፣ መቺው መርፌና የጋዝ ቀለበቶቹ ናቸው። የሚያልቁትም እነሱው ናቸው፤ ወይ አለመታደል!

አሁን ወደ ሞረዱ። የኤክስትራክተር ጥፍር በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ ማዕዘኑም ቀለሁን ይዞ እንዲያወጣና በጊዜው እንዲለቅ ታስቦ የተቆረጠ ነው። ስትሞርደው ማዕዘኑን ታጣለህ። መለማመጃ ቦታ ላይ አምስት ጥይት ይሠራልህ ይሆናል። ስድስተኛው ላይ ቀለሁ ቻምበር (በርሜሉ ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት መጥቶ ከኋላው ይጋጨዋል። አሳማ ፊት ለፊት ቆሞ ይህን ማጽዳት አልመኝልህም።

ይልቅ እንዲህ አድርግ። የሴሪያል ቁጥሩን ይዘህ ፋብሪካው ጋ ደውል። ሞዴል ቆመ ማለት መጋዘኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እነሱ ከሌላቸው የከሰሩ ፋብሪካዎችን ትርፍ ዕቃ ጠራርገው የሚገዙ የመለዋወጫ ሱቆች አሉ። ስትጠይቅ «ኤአር-10» አትበል፤ የሞዴሉን ሙሉ ስምና የዕቃውን ቁጥር ንገራቸው። ካገኘህ አንድ አትግዛ፣ ሁለት ሁለት ግዛ። ኢጀክተርና የጋዝ ቀለበትም ጨምር።

ኤክስትራክተሩ ብቻውን ካልተገኘና ሙሉ ቦልት ከገዛህ፣ ሳትለካው አንድም ጥይት አትተኩስ። 308 ቻምበር ውስጥ ግፊቱ በካሬ ኢንች እስከ 62,000 ፓውንድ ይደርሳል። ቦልቱ ከበርሜሉ ጋር የሚተወው ክፍተት በ«ጎ» እና በ«ኖ ጎ» መለኪያ ይታያል። የሁለቱ ልዩነት 4 ሺህኛ ኢንች ነው፤ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ። በዓይን አትገምተውም። መለኪያ ያለው የጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ውሰደው፣ ሥራው ደቂቃዎች ነው።

ልሽጠው ወይ ላልከው፦ ኤክስትራክተር ካገኘህ አትሽጠው። ካላገኘህ ግን እንዳለ በርካሽ አትጣለው። የላይኛውን አካል ከነበርሜሉና ከነቦልቱ ለብቻው ለሽያጭ አውጣው። ኤክስትራክተሩ ደህና ሆኖ በርሜሉ ያለቀበት ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ያንተን እየፈለገ ነው።