ከጌሙ ወደ ሰነዱ፦ ስለ ኤስሲፒ ለተነሣው ጥያቄ

ጠያቂያችን ኮንትሮል የተባለውን ጌም እንደጨረሱ፣ ከውጊያው ይልቅ በየክፍሉ ተበትነው የሚገኙት የመሥሪያ ቤት ሰነዶች እንደማረኳቸው፣ የእነዚህም መነሻ ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጽፉት የኢንተርኔት ልብ ወለድ ነው ሲባል እንደሰሙ ነግረውናል፤ ይህ ጽሑፍ ምን እንደሆነና በጌሞች ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የሚወራለትን ያህል መሆን አለመሆኑንም ጠይቀዋል። እኔም ወደ ጽሑፉ የደረስኩት እንደ እርስዎ በጌም በኩል ስለሆነ፣ መልሱን ከራሴ መንገድ ጋር አያይዤ ብሰጥ ይቀለኛል።

የሚወራለት ጽሑፍ ኤስሲፒ ፋውንዴሽን ይባላል፤ ስሙ እንግዳና አደገኛ ነገሮችን ይዞ በምስጢር የሚጠብቅ የልብ ወለድ ድርጅት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ጸሐፊ ፎርቻን በተባለው፣ ሰዎች ስማቸውን ሳይገልጹ በሚጽፉበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ ቁጥር 173 የተሰጠውና ዓይን ሲነሣበት ተንቀሳቅሶ የሚገድል ሐውልት እንዴት መጠበቅ እንዳለበት የሚገልጽ አጭር ሰነድ አወጣ። ሌሎችም በዚያው መልክ የየራሳቸውን እየጨመሩ ሄዱ፤ በ2008 ደግሞ ለጽሑፎቹ ዊኪ፣ ማለትም ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጽፉበት ድረ ገጽ፣ ተከፈተላቸው። ዛሬ ሰነዶቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። አንባቢዎች በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምሩ ወደ -10 የወረደ ጽሑፍ ለመሰረዝ ይቀርባል። ሁሉም የሚገዛለት አንድ ታሪክ የለም፤ አንዱ ሰነድ ሌላውን ቢቃረን ማንም አይከፋም። አንድ የሚያደርጋቸው ቅርጻቸው ነው፦ መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ምድብ፣ ከዚያ የአያያዝ መመሪያ፣ በመጨረሻ የነገሩ መግለጫ፤ መሐል መሐል ላይ ደግሞ አንባቢ እንዳያየው በጥቁር የተሸፈነ መስመር።

ምድቦቹ ብዙውን ጊዜ ሰውን ያሳስታሉ። ሴፍ፣ ዩክሊድና ኬተር የሚባሉት ስሞች የሚለኩት ነገሩ ምን ያህል ገዳይ እንደሆነ ሳይሆን ጠብቆ ለማቆየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን በሳጥን ምሳሌ ያስረዳሉ፦ ነገሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቢተዉት ምንም የማይከሠት ከሆነ ሴፍ ነው፤ ምን እንደሚከተል እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ ዩክሊድ ነው፤ በቀላሉ የሚያመልጥ ከሆነ ኬተር ነው። በዚህ ሚዛን ሲጫኑት ዓለምን የሚያጠፋ ቁልፍ እንኳ፣ እስካልተነካ ድረስ ምንም የማያደርግ ከሆነ፣ ሴፍ ሊባል ይችላል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ኮንቴይንመንት ብሪች የተባለውን ነፃ ጌም የከፈትኩት፤ ፊንላንዳዊው ዮናስ ሪኮነን በ2012 ያወጣው ነው። ጌሙ ተጫዋቹን እንደ እስረኛ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ወደ አንድ ባዶ ክፍል ያስገባዋል፤ እዚያ ያ ቁጥር 173 የተባለው ሐውልት ቆሟል። በሩ አልዘጋ ይላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲበራ አንዱ እስረኛ ወድቋል፤ እንደገና ጠፍቶ ሲበራ ሁለተኛውም ወድቋል። ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ታች የዓይን ምልክት ያለው መለኪያ እየጎደለ ይሄዳል፤ ባለቀ ቁጥር የተጫዋቹ ዓይን ይጨፈናል፣ ሐውልቱም በዚያች ቅጽበት ይጠጋል። በመጀመሪያው ምሽት ስንት ጊዜ እንደሞትኩ አልቆጠርኩም። ቆይቼ የደረስኩበት ዘዴ፣ ሐውልቱ ገና ሩቅ ሳለ ዓይኔን በፈቃዴ ጨፍኜ መለኪያውን መሙላትና የቀረችኝን ጊዜ በሩ አጠገብ ለመጠቀም ማቆየት ነበር።

የሐውልቱን ሰነድ ያነበብኩት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ባነበብኩት ጊዜም ጌሙ ውስጥ የፈራሁትን ነገር ምክንያት በግልጽ አገኘሁት። መመሪያው ወደ ክፍሉ ከሦስት ያነሱ ሰዎች እንዳይገቡ፣ ሁለቱ ሁሉም እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን ከሐውልቱ ላይ እንዳይነቅሉ፣ ዓይኑን ሊጨፍን የፈለገም አስቀድሞ ለጓደኛው እንዲናገር ያዝዛል። ሦስት ሰው ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ሲያስቡት ቀላል ነው፤ ወለሉ ስለሚቆሽሽ በየጊዜው መጽዳት አለበት፣ የሚያጸዳው ሰው ደግሞ ወደ ታች ማየቱ አይቀርም። እንግዲህ ጌሙ የጨመረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሦስት ሰዎች አስገባ፣ ሁለቱን ወሰደ፣ ለሦስት ሰው የተጻፈውን ሥራ ለአንድ ሰው አሸከመው።

ለጥያቄዎ ያለኝ ዋና መልስም ይኸው ነው፦ ጌሞች ከዚህ ጽሑፍ የወሰዱት ትልቁ ነገር ጭራቆቹ አይደሉም፣ የአያያዝ መመሪያው ነው። መመሪያ ማለት አድርግና አታድርግ ነው፤ ጌምም የሚሠራው በአድርግና በአታድርግ ነው። ሌላ ዓይነት አስፈሪ ልብ ወለድ ወደ ጌም ሲለወጥ ሠሪው ሕጉን ከራሱ ማውጣት ይኖርበታል፤ እዚህ ግን ሕጉ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ቁጥር 914ን ይመልከቱ፤ ዕቃ ከአንድ ጎን ሲገባበት በሌላው ጎን ለውጦ የሚያወጣ በጥርሳም ጎማዎችና በሞላ የሚሠራ ትልቅ ማሽን ነው፣ መዞሪያውም ከሸካራ እስከ እጅግ ረቂቅ አምስት ደረጃዎች አሉት። ኮንቴይንመንት ብሪች ውስጥ ዝቅተኛውን የመግቢያ ካርድ ወደ ከፍተኛ የምንቀይረው በዚሁ ማሽን ነው።

አንድ ጊዜ እኔም በዚህ መልክ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። ስለ አንድ ፍጡር ጥርስ፣ ቆዳና ድምፅ ሁለት ገጽ ሞልቼ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሌሊት ተረኛ የሆነው ጥበቃ ምን ያደርጋል?» መልስ አልነበረኝም፤ ጽሑፉም እዚያው ቀረ።

ወደ ኮንትሮል ልመለስ። የጌም ኩባንያው ሬሜዲ በ2019 ያወጣው ይህ ጌም የኤስሲፒን አንድም ነገር በስሙ አይጠራም፤ የራሱ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ የምድብ ስያሜ አለው፣ ዝምድናው ግን አይሰወርም፣ ሠሪዎቹም አልካዱትም። ፍሪጁን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያለማቋረጥ የሚያየውን ሠራተኛ ያስታውሱ ይሆናል። የሚተካው ሰው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ዓይኑን ቢያነሣ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ይለምናል። ይህ የቁጥር 173 መመሪያ ከቢሮ ሥራ ድካም ጋር ተዳቅሎ የወለደው ነው፤ በእኔ ግምት በጌሙ ውስጥ ካለው ሁሉ ለሰነዶቹ መንፈስ የቀረበው ክፍልም እሱ ነው።

ስሞቹ ለምን እንዳልተወሰዱ ለመረዳት ፈቃዱን ማወቅ ያስፈልጋል። የዊኪው ጽሑፎች የወጡት የጸሐፊው ስም እንዲጠቀስና ከእነሱ ተነሥቶ የተሠራው ሥራ በዚያው ፈቃድ እንዲለቀቅ በሚያስገድደው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። መሸጥ ይቻላል፤ የሠሩትን ለራስ ብቻ ማስቀረት ግን አይቻልም። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው፤ የፈጠራ ንብረቱን አጥሮ መያዝ ለሚፈልግ ኩባንያ ግን አይመችም። ሐውልቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረበት። ከመጀመሪያው ሰነድ ጋር የተለጠፈው ፎቶ ጃፓናዊው አርቲስት ኢዙሚ ካቶ በ2004 የሠራው ቅርጽ ሲሆን፣ በዚያ ፈቃድ ውስጥ የገባ አልነበረም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ለንግድ ሲፈቀድ መልኩ ግን የተከለከለ ሆኖ ለዓመታት ቆየ። በ2022 ፎቶው ከሰነዱ ላይ ተነሣ። አሁን ገጹ ያለ ሥዕል ነው የሚነበበው፤ ለእኔ እንዲያውም የበለጠ ያስፈራል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። በ2017 የወጣው ሲክሬት ላቦራቶሪ ብዙ ሰዎች አብረው የሚጫወቱት ነፃ ጌም ሲሆን፣ ሐውልቱ ራሱ በሌላ ተጫዋች የሚንቀሳቀስበት መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። የኮሪያው ፕሮጀክት ሙን ያወጣው ሎቦቶሚ ኮርፖሬሽን ደግሞ ተጫዋቹን የጥበቃው ሥራ አስኪያጅ ያደርገዋል፤ የእያንዳንዱ ፍጡር መመሪያ በሠራተኞች ስህተትና ሞት ጥቂት በጥቂት ስለሚገለጥ፣ ሰነዱን አንባቢው ራሱ የሚጽፈው ያህል ነው። ከ2019 ወዲህ የገነነው ባክሩምስ የዚሁ የጋራ ድርሰት ታናሽ ወንድም ነው፤ ቢጫ ግድግዳ ያለው ማለቂያ የሌለው ቢሮ በአንድ ፎቶና በጥቂት መስመር ጽሑፍ ጀመረ፤ ሰዎች ደረጃ በደረጃ እየደራረቡበት ሲሄዱ ግን ያ የመጀመሪያው ባዶነት የጠፋ ይመስለኛል።

የት ልጀምር ካሉኝ፣ በ173 ይጀምሩና ወደ 087 ይለፉ። ሁለተኛው ወደ ታች የሚወርድ ጨለማ ደረጃ ነው፤ ከ75 ዋት በላይ የሆነ መብራት እንኳ አይገፋበትም፣ ከታች የልጅ ልቅሶ ይሰማል፣ የወረዱት ሰዎች ዘገባ በተራ ተያይዟል። የመጨረሻው ዘገባ ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልን እንደገና ይክፈቱና ወደ ፍሪጁ ክፍል ይሂዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስለ ፍሪጁ የተጻፈውን ሰነድ አስቀድመው ያንብቡ፣ ሰውየውን ከዚያ በኋላ ያነጋግሩት።